ሎቲ ከቤት የወጣችበት ምሽት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ በአሜሪካ ምድር እንደ እኔ በር የሚዘጋ ሰው አልተወለደም።

ሳቁ፤ ግድ የለም። እናንተ በር ስትዘጉ በሩ ብቻ ነው የሚዘጋው። እኔ ካዝሚር ስታንኩስ ስዘጋው ግን ከሜይን እስከ ቴክሳስ ያለ ሰው ማን እንደወጣ፣ ተቆጥቶ ይሁን ተከፍቶ፣ ዣንጥላውን ይርሳ አይርሳ ያውቃል። ያኔ በቺካጎው ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ሠሪ ነበርኩ። ተዋናዮቹ ወረቀታቸውን ይዘው ማይክሮፎን ፊት ይገተራሉ፤ የቀረውን ዓለም የምፈጥረው እኔ ነኝ። የከረሜላ ወረቀት በጣቶቼ መሃል ሳሻሽ አገሩ ሁሉ የእንቁላል ጥብስ ይሸተዋል። የበቆሎ ዱቄት የሞላሁትን የቆዳ ከረጢት ጨመቅ ጨመቅ ሳደርግ ፍሎሪዳ ላይ በፀሐይ የሚጠበስ ሰው በረዶ ላይ የሚሄድ እግር ሰምቶ ካፖርት ይደርባል። አንድ ቀን ነጎድጓድ ብሠራ የአዮዋ ገበሬዎች ላሞቻቸውን በሩጫ ወደ በረት አስገቡ። ይህን የነገረኝ ሰው የታመነ ነው።

ጨዋታችን «የፒንቾች ቤት» ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው። ባርናቢ ፒንች ከሥራ ይመጣል፤ በሩ አልከፈት ብሎ ይይዛል፤ በትከሻው ይገፋዋል። ሚስቱ ሎቲ ከወጥ ቤት ሆና «ባርናቢ፣ አንተ ነህ ወይስ ሌባ?» ትለዋለች። እሱም «ሌባማ ቢሆን መስኮቱን ይመርጥ ነበር!» ይላታል። ከዚያ ሾርባው ያርራል፣ አማች ይመጣል፣ ካልሲ ይጠፋል፣ ይታረቃሉ። በየሳምንቱ ያው ነው፤ በየሳምንቱም ሰው ይስቃል። አንዲት የነብራስካ ሴት ባሏ ከጦርነቱ ሳይመለስ ቀርቶ እንዲህ ብላ ጽፋልን ነበር፦ «በሩ ይዞ ባርናቢ ሲገፋው ስሰማ፣ ለዚያች ቅጽበት የእኔም ሰው የገባ ይመስለኛል። እባካችሁ በሩን እንዳታሠሩት።» ጄኔቪቭ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብላ ስታነብ ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ። እኔ ዓይኔን የጠረግሁት ጠጠር የምረግጥበት ሳጥን አቧራ ስላለው ነው።

ጄኔቪቭ ታልኮት ማለት ሎቲ ናት። በማይክሮፎኑ ፊት ድንች ልጣ፣ ባሏን ተናግራ፣ ከጎረቤት ስኳር ተበድራ የምትኖር ሴት፤ ከማይክሮፎኑ ስትርቅ ግን የሟቹ ዳኛ የታልኮት ልጅ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ያደገች፣ ጓንት ሳታደርግ መንገድ የማትሻገር። እኔ የቄራ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ነፋስ በእኛ በኩል ሲነፍስ የእነሱ ሰፈር መስኮት ይዘጋል።

እኔና እሷን ያገናኘን እግሯ ነው። በሬዲዮ ተዋናይት አትራመድም፤ ወረቀቷ እንዳይንኮሻኮሽ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የሚራመድላት ድምፅ ሠሪው ነው። እኔም የጄኔቪቭን አሮጌ ባለተረከዝ ጫማዎች በሁለት እጆቼ አጥልቄ፣ ጣውላው ላይ አጎንብሼ፣ ስድስት ዓመት ተራመድኩላት። አካሄዷን ከራሷ ነው የሰረቅኩት። ቀኝ እግሯ ከግራው ትንሽ ይዘገያል፤ ልክ ግራው የወሰነውን ቀኙ ገና እያሰበበት እንደሆነ። ይህን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቷ እንኳ አታውቅም።

ስለ እናቷ ካነሳን ዘንዳ፣ አንድ ጊዜ ስቱዲዮ መጥተው ነበር። ለሳምባቸው ብለው ፀሐይ ወዳለበት ወደ ፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ ከመዛወራቸው በፊት ነው። መነጽራቸውን አንስተው ጫማ ያጠለቁ እጆቼን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና ልጃቸውን ጠየቋት፦

«ጄኔቪቭ፣ ይህ ሰውዬ ጓንቱን እግሩ ላይ ነው የሚያደርገው?»

ስቱዲዮው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ጄኔቪቭ ብቻ አልሳቀችም። አየችኝ። ያ አስተያየቷ ጥርሴን አስከደነኝ።

ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ፣ ልምምድ ጨርሰን ዕቃዬን ስሰበስብ ወደ ጥጌ መጣች።

«ካዝ፣ ከገና በፊት እሄዳለሁ።»

«የት ነው የምትሄጂው?»

«እማዬ ዘንድ። ሃርላን ጠይቆኛል።»

ሃርላን የብርቱካን እርሻ ያለው ሰው ነው። ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ፤ ብርቱካን አጠገብ ቆሞ ብርቱካኑ ይበልጥ ፈገግ ያለ ይመስላል።

«ምን ብሎ ጠየቀሽ?»

«"ብትስማሚ ደስ ይለኛል" ብሎ።»

«ይኼ ጋብቻ ነው ወይስ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መንገድ ላይ አለቀባት። «እሱ ቢያንስ ያለውን ያህል ነው የሚናገረው» አለች። «አንተስ? አንተ ምን ትላለህ?»

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እኔ የምናገረውን ጄኔቪቭ በአራት ታካፍለዋለች። ከጊዜ በኋላ ልማዳችን ሆነ። «መቶ ሰው ጨበጠኝ» ስላት «ሃያ አምስት» ትላለች። «እንደ ፈረስ የሚያህል ዓሣ ያዝኩ» ስላት «እንደ ፍየል» ትላለች፤ እኔም «እንደ ትንሽ ፍየል» ብዬ እቀንሳለሁ። እንስቃለን። የዚያን ቀን ግን ከንፈሯን ገጥማ፣ ጓንቷን በእጇ ጨምድዳ፣ ጠበቀችኝ። ደረቴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነበር። ግን አፌን ስከፍት...

«አንቺ ከሄድሽማ ሚሺጋን ሐይቅን እስከ ጭቃው እጠጣዋለሁ! ባቡሩን በጥርሴ ይዤ አስቀረዋለሁ! አሥር ሺህ ሰው በመንገድ ላይ አስተኝቼ...»

«በአራት ሲካፈል?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«በአራት ሲካፈል... ሐይቁን እስከ ወገቡ።»

ጓንቷን አጠለቀች። ጣት በጣት፣ ምንም ሳትቸኩል። ስትሄድ ጣውላዬ ላይ አልነበረችም፤ ምንጣፍ ላይ ነው የሄደችው፤ ስለዚህ እርምጃዋ አልተሰማም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሠርቼ አላውቅም፤ ልሥራ ብልም አልችልም።

ዳይሬክተራችን ሚስተር ዶብስ ነገሩን ባንድ ቀን ጨረሱት። ሎቲ እናቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ በሳምንቱ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ሌላ ሴት ናት።

«አድማጩ አይነቃም?» አልኳቸው።

«አንተ ካለህ አይነቃም። እግሯን ያውቁታል፣ እግሯ ደግሞ አንተ ጋ ነው። ያችኑ እርምጃ ጠብቅልኝ፤ ድምፁን ይለምዱታል።»

እስቲ አስቡት። ድምፅዋ ወደ ፓሳዴና፣ ወደ ብርቱካኑ ይሄዳል። እግሯ እኔ ጋ ይቀራል። በየሳምንቱ ለሌላ ሴት ድምፅ በእሷ እግር ልራመድ ነው። ባሎቻቸውን የቀበሩ ሴቶች እንኳ ከዚህ የተሻለ ይታዘንላቸዋል።

እኔም በመጨረሻው ጨዋታዋ ዋዜማ አንድ ነገር አደረግሁ። በሩን ታውቁታላችሁ፤ እውነተኛ በር ነው፤ ከነመቃኑ በጎማ ላይ የቆመ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ወደፈለግንበት የሚገፋ። አንድ የዝናብ ሰሞን እንጨቱ አብጦ ባየር ላይ ሳለን ያዘ፤ ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ የሚያየን ተመልካች በሳቅ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሆነ ብለን እንዳበጠ አቆየነው። ያ በር ነው። መላጊያ አውጥቼ ታችና ጎኑን ላግሁት፤ ሻማ ቀባሁት፤ ማጠፊያውን በዘይት አራስኩት። ለምን? እሷ ስትወጣ እንዳይዝባት ነዋ! ስድስት ዓመት ያልሰጠኋትን አንድ ቀላል ነገር ልስጣት ብዬ። እየላግሁ ፍቅፋቂው ጫማዬን ሸፈነው። ላገሬው ሁሉ የሚበቃ ወረቀት ይወጣዋል... እሺ፤ አንድ ቅርጫት ነበር።

በዚያ ዘመን ጣቢያው ድምፅ ቀድቶ ማስተላለፍ አይፈቅድም። ስለዚህ አንዱን ጨዋታ ሁለት ጊዜ እንሠራዋለን፤ መጀመሪያ ለምሥራቁ፣ ከዚያ እራት በልተን ተመልሰን ለምዕራቡ። ካሊፎርኒያ ገና ፀሐይዋን ስትሸኝ ሁለተኛውን ትሰማለች። እናቷና ሃርላን የሚሰሙትም ያንን ነው።

የመጀመሪያው እንደ ዘይት ፈሰሰ። ሎቲ ባሏን ተሰናበተች፤ እኔ ጫማዎቹን አጥልቄ አራመድኳት። አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ኩሩ ሴት አድርጌ ነው ያራመድኳት፤ ቀኟን ከግራዋ አስተካክዬ፣ ጠንከር፣ ፈጠን። በሩን ከፈትኩ። ተንሸራተተ። ዘጋሁት፦ ጠቅ። እንደዚያ ያማረ «ጠቅ» በሬዲዮ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም።

ግን ማንም አልሳቀም። ማንም አላለቀሰም። ተመልካቹ በሩን የማያውቀው ይመስል ዝም አለ። ቀና ስል ጄኔቪቭ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ታየኛለች። ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ነበር። ምን እንዳደረግሁ አላወቅሁም፤ ያወቅሁት የሆነ ነገር መግደሌን ብቻ ነው።

እታች ካለው ምግብ ቤት አገኘኋት። በሊጥ የተከደነ የዶሮ ምግቧን አልነካችውም፤ በሹካ ጫፍ ክዳኑን እየወጋች ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለች ቀና ሳትል። «በሩ ተሠራ።»

«ላንቺ ብዬ ነው። እንዳያስቸግርሽ...»

«ባርናቢ ልግባ ሲል የሚይዘው በር፣ እኔ ልውጣ ስል እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። እግሬንስ ሰማኸው? ወታደር አስመሰልከኝ! አንዴ እንኳ አላመነታም። እኔ እንደዚያ ነው የምሄደው ካዝ?» ሹካዋን አስቀመጠች። «አገሩን ሁሉ አስመስክረህ ሸኘኸኝ። አንድ ስንጥር እንኳ አላስቀረህልኝም የሚያሰናክለኝ።»

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ሌላው ሰው ለሴቲቱ አበባ ልኮ ይሳሳታል። እኔ በር ልጌ! የሚይዝ በር ማለት በእኛ ሙያ «ቅሪ» ማለት ነበር። ይህን ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔም በገዛ መላጊያዬ ያቺን ቃል ፍቄ ጣልኳት።

«ጄኔቪቭ፣ እኔ አንቺን ከ...»

«ቆይ። ቁጥር ሊመጣ ነው።»

«ከዚህ ጠረጴዛ እስከ ቻይና ድረስ...»

«ቻይና ደግሞ ምን አደረገችህ!» ዓይኗ ሞላ። እጄን ያዘችኝ፤ ባዶ እጄን፣ ጫማ ያላጠለቀውን። «አንዲት ነገር ንገረኝ። አንዲት ብቻ። ሳትነፋት። ትንሽ ትሁን ግድ የለም፤ በእጄ ልይዛት የምችል ትሁን። ነገ በባቡር ስሳፈር በመዳፌ ይዣት የምሄድ። ወይም...» አልጨረሰችውም።

ፈለግኋት፤ እመኑኝ ፈለግኋት። ደረቴን በረበርኩ። ያቺን ትንሽ ነገር አገኘኋትም፤ እዚያው ነበረች። ግን እሷን ይዤ ወደ አፌ ስመጣ ፈራሁ። ትንሽ ነገር ይዤ የዳኛ ልጅ ፊት ብቆም፣ እሷም አይታ «ይኼ ብቻ?» ብትለኝስ? ሲተነፈስ ባዶ የሚሆን ሰው አየር ይሞላል እንጂ ምን ያደርጋል?

«ያላንቺ» አልኩ፣ «ቺካጎ በሙሉ ይፈርሳል!»

አስተናጋጇ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች።

ጄኔቪቭ እጄን ለቀቀችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ቺካጎ አይፈርስም ካዝ» አለች። «ደግሞ ስለ ቺካጎ አልጠየቅኩህም።»

ከሄደች በኋላ እጄ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። የእሷን ሙቀት ይዞ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ለሁለተኛው ስንቆም ከፓሳዴና ቴሌግራም መጥቶ ነበር። ሚስተር ዶብስ ከመስታወቱ ኋላ ሆነው አነበቡላት፦ «ሬዲዮኑ ፊት ተቀምጠናል። ሃርላንም አለ። መልካም ጉዞ።» ራሷን ነቀነቀች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከንፈሯም እንደዚያው ነጭ ነው። አየር ላይ መሆናችንን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ።

ሮስኮ ቤም ባርናቢን ይጫወታል። ሮስኮ ራሱን የሚወድ ሰው ነው፤ መስታወት ሲያጣ ማንኪያ ያያል። በዚያ ምሽት ግን ስለ እሱ ክፉ አላወራም፤ ምክንያቱን ታያላችሁ።

«ሾርባው ምድጃው ላይ ነው» ትላለች ሎቲ፣ ድምፅዋ እንደ ቀጭን ብርጭቆ። «ካልሲዎችህ መሳቢያው ውስጥ ናቸው እንጂ ማቀዝቀዣው ውስጥ አይደሉም።»

«ባለፈው ማን አስገባቸው ታዲያ?»

«ሞቀኝ ያልከው አንተ!»

ሳቅ። ከዚያ ሻንጣ አነሳሁ፤ ቆለፍኩት። «ደህና ሁን ባርናቢ» አለች። ተራው የእኔ ነው።

ጫማዎቹን አጠለቅሁ። አንድ እርምጃ። ሁለተኛው፣ ያ የሚዘገየው ቀኝ። በዚህኛው ዙር በትክክል አራመድኳት፤ የራሷን እርምጃ ሰጠኋት፤ ማመንታቷን ምንም ሳልነካ። ጣውላው መሃል ስንደርስ ግራው ቀደመ። ቀኙን አነሳሁት። አየር ላይ ቀረ።

ላወርደው አልቻልኩም። እናንተ ጫማ ነው ትላላችሁ፤ እኔ ግን እሱን ካወረድኩ ነገ ባቡሩ ይነሳል።

በሬዲዮ ዝምታ ማለት ልብ መቆም ማለት ነው። ሚስተር ዶብስ ከመስታወቱ ኋላ ተነሱ፤ እጃቸውን እንደ ቢላ ጉሮሯቸው ላይ ያመላልሳሉ። ሮስኮ ወረቀቱን ያገላብጣል። ተመልካቹ አንገቱን አሰገገ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዎች ሬዲዮናቸውን መምታት የጀመሩ መሰለኝ። ጄኔቪቭ ዞራ አየችኝ፤ ጎንበስ ብዬ፣ አንድ የሴት ጫማ ሰማይ ላይ ሰቅዬ፣ እንባዬ በአፍንጫዬ ጫፍ ጣውላው ላይ ሲንጠባጠብ።

ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰች።

«ባርናቢ» አለች፣ ወረቀቱ ላይ በሌለ ቃል። «እግሬ ቆመ።»

ሮስኮ የድሮ ተዋናይ ነው፤ አልወደቀም። «በቤንዚን ነው እንዴ የምትሄጂው፣ ሎቲ?»

ሳቅ፣ ትንሽ፣ የፈራ ሳቅ።

«በሩን ማን አሠራው?»

«እ... እኔ ነኛ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አንተ? አንተ እንኳን በር ሰርዲን ከፍተህ አታውቅም!» ሳቁ ፈነዳ። እስኪበርድ ጠበቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሠራው ሰው... እንድሄድለት ፈልጎ ይመስልሃል?»

ማንም አልሳቀም። ሮስኮ ቤም ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። እሷን አየ፤ እኔን አየ። ያ ራሱን ብቻ የሚያይ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው አየ።

«እኔ ምን አውቄ» አለ። «በሩን ጠይቂው።»

ወረቀቷን ጣለችው። ስቱዲዮውን አቋርጣ ወደ እኔ ጥግ መጣች፤ የእኔ ዕቃዎች የራሳቸው ማይክሮፎን አላቸው። ከእጄ ላይ ጫማዎቹን አወለቀች፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ያንን አየር ላይ የቀረውን። የእግሯን አውልቃ እነሱን ተጫማች። ከስድስት ዓመት በኋላ በራሷ እግር ጣውላው ላይ ወጣች።

እኔ ምን ላድርግ? ወደ በሩ ኋላ ሮጥኩ። በሩ እንደሆነ ተልጓል፤ ሻማ ተቀብቷል፤ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። እሷ እጀታውን ከወዲህ ያዘች። እኔ ከወዲያ፣ በሁለት እጄ። ሳበች። ያዝኩ።

በሩ ያዘ!

እንዴት ያለ ሳቅ ነበር! ሚልዎኪ ድረስ ተሰምቷል። በአራት አካፍሉት፤ አምፖሎቹ ሲወዛወዙ ግን እኔው አይቻለሁ። ሰው የሚያውቀውን በር አገኘ፤ ያ የሚያበሳጭ፣ ያ የተባረከ በር ተመለሰ። እንደገና ሳበች። እንደገና ያዝኩ። እጆቿ በእጀታው ውስጥ አልፈው ይሰሙኛል፤ ንዝረቷ፣ ጥንካሬዋ፣ ሁሉም። ሦስተኛ ሳበች፤ እኔም ግንባሬን እንጨቱ ላይ ደግፌ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ያዝኩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሳሳ። ቀልድ ከሚቆይበት በላይ ቆይቶ ነበርና። አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር «አትሂጂ፣ ሎቲ!» ብላ ጮኸች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ያኔ ጄኔቪቭ አፏን ወደ እንጨቱ አስጠጋች።

«በቃ» አለች። «ልቀቀው። የምሄድበትን አሁን አውቄዋለሁ።»

ፓሳዴና አልኩ በልቤ። አለቀ። ሰው ወደደችም ጠላችም ሴትን በበር አስሮ አያስቀርም፤ ይህን የሚያውቅ ልብ ለእኔም አለኝ። አንድ ጣቴን አነሳሁ። ከዚያ ሌላውን። የመጨረሻዋ ትንሿ ጣቴ ብቻዋን እንዴት እንደያዘች አትጠይቁኝ። እሷንም አነሳኋት።

በሩ ተከፈተ። ሎቲ ሻንጣዋን ሳትይዝ ወጣች። በሩን ከኋላዋ መለሰችው፤ እጀታውን በሙሉ ኃይሏ ስባ፣ ዷ! ከዚያ ወዲያ የጨዋታው ማጀቢያ ኦርጋን ተነሳ። ከዴንቨር እስከ ውቅያኖሱ ዳር ያለ ሕዝብ ሎቲ ሄደች ብሎ መሃረብ አወጣ። ፓሳዴና ውስጥ ወይዘሮ ታልኮት ለሃርላን «በቃ፣ መጣችልን» ሲሉት ይታየኛል።

ግን እስቲ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በር ኋላ ምን እንዳለ አድማጩ አያውቅም። መንገድ የለም። ታክሲ የለም። ባቡር ጣቢያ የለም። ያለው የጠጠር ሳጥን፣ የተሰበረ ሳህን የሞላ ባልዲ፣ የቆመ መጥረጊያ፣ እና እኔ ነኝ። ከፒንቾች ቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሌላ መውጫ የለውም።

ፊት ለፊቴ ቆመች። በጣም ቅርብ። ከበሩ ወዲያ ሮስኮ ባዶ ወጥ ቤቱ ውስጥ «ሎቲ? በእውነት ሄድሽ እንዴ?» እያለ ይጣራል።

«አሁን ንገረኝ» አለች በሹክሹክታ።

ሐይቁ መጣ። ባቡሩ መጣ። ቻይና መጣች። አሥሩ ሺህ ሰው በአፌ ደጃፍ ተሰለፉ። አንድ በአንድ አሳለፍኳቸው፤ እንዲሄዱ ነገርኳቸው፤ ሁሉም ሄደው አፌ ባዶ እስኪሆን ድረስ። ያቺ ትንሿ ብቻዋን ቀረች።

«ቅሪ» አልኩ።

ዓይኖቿን ጨፈነች፤ ሒሳብ ስትሠራ እንደምታደርገው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በሩን ተደግፌ ጠበቅኋት።

«ስንት ሆነ?» አልኩ በመጨረሻ።

«እምቢ አለ» አለች። «አልካፈልም አለ።»

ግራ እግሯ ወደ እኔ አንዲት እርምጃ ተራመደ። ቀኙም ሳይዘገይ፣ ምንም ሳያስብ፣ አጠገቡ መጥቶ ቆመ።